የውሃው ልክና የእጁ ልክ

ያሶቭካ፣ ኦክቶበር 9

ወንድሜ ቻሚል፣

ደብዳቤህን ሹፌሩ ዙልፎ ትናንት ከአውቶቡሱ ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። እንደ ልማዱ «ከሊንዝ የመጣ የፍቅር ደብዳቤ!» ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እስኪያየኝ ጮኸ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም የጻፈላትን ደብዳቤ የምትቀበል የሃምሳ ዓመት ሴት የምታፍርበት ነገር የለም፤ እኔ ግን ፊቴ ቀላ። በፖስታ ላክልኝ ብልህ እሺ አትልም።

ስለ ጤናችን ጠይቀሃል። አልሐምዱሊላህ፣ አለን። እማማ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። በስልክ «እናቴ ከአልጋ ትነሳለች ወይ?» ስትለኝ ዝም ያልኩህ አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው። ወረቀት የምመርጠውም ለዚህ ነው። ከፀደይ ወዲህ በራሳቸው አልተነሱም። አልጋቸውን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሬዋለሁ፤ የፕለም ዛፎቹን ያያሉ።

ቤትህ ደህና ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ምድጃው ይሠራል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። «ለዘለቄታው ነው የምመጣው» ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለእማማም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። «ይሄ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እመጣለሁ ሲል ነው የኖረው፤ በዓይኔ ሳላየው አላምንም» አሉ። ከዚያ ግን ፀጉሬን አበጥሪልኝ አሉኝ።

የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን እሠራልሃለሁ። ለባዳ ስሠራ ኖሬ ለአንተ እምቢ አልልም። ግን አትቸኩል። ክር መጠምጠሙ፣ ቀለሙ፣ ስምህን መጻፉ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ጥሬውን ዘንግ መምረጥ ነው፤ ገና ቀለበትም እጀታም ሳይገጠምለት። ጥሬው ዘንግ ከተሳሳተ በወርቅ ብጠመጥመው አይጠቅምህም። ወንድምህ ሬሻድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘንግ ሊያሠራ የመጣውን ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፦ የትኛው ውሃ? የማን እጅ? እነዚህን ሁለቱን በትክክል የነገረው ሰው ተሳስቶ ተመልሶ አያውቅም።

ውሃውን ለእኔ ተወው። እጅህን ግን ካየሁት አራት ዓመት ሆነ። እንዲህ አድርግ። በር አጠገብ ቁም፤ አንድ ኪሎ ስኳር በቀኝ እጅህ ይዘህ ክንድህን ወደፊት ዘርጋና የቻልከውን ያህል ከፍ አድርግ። መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሰው በሩ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግልህ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ በክር ለካና ቋጥረው። ሌላ ክር ደግሞ ከብብትህ እስከ አንጓህ። ሁለቱን ክሮች ላክልኝ።

ከወፍጮ ቤቱ ሥር ስላለው ጥልቅ ውሃም ጠይቀሃል። ወፍጮ ቤቱ አለ። ጣሪያው ወድቋል እንጂ ግድግዳው ቆሟል።

እማማ ሰላም ይሉሃል። ወፍራም ካልሲ አምጣ ይላሉ።

ዴቭለታ


ሊንዝ፣ ኦክቶበር 24

እህቴ ዴቭለታ፣

ክሮቹን ዙልፎ ይዞልሻል። አንድ ኪሎ ስኳር አነሰኝ፤ ጆንያውን ብትይኝም ኖሮ አነሳው ነበር። ጎረቤቶቼ ኦስትሪያውያን በራቸውን ከፍተው በር ላይ ቆሜ ስኳር ሳነሳ አይተው «ሃይማኖታችሁ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ምርጫውን ላቅልልሽ። ሁለት ሜትር ከሰባ፣ ካርቦን፣ ድርቅ ያለ፣ ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ ይሁን። የምፈልገው ለትልቋ የወንዝ ዓሣ፣ ለምላዲጻ ነው፣ ለትንንሽ ዓሣ አይደለም። በረዶው ሲጥል ከጥልቁ ወጥታ የምትመታውን እናት ዓሣ፤ ክንድን ከነዘንጉ ይዛ የምትሄደውን። ያን ዓመት ዘንጌን ሰብራ ስትሄድ ሬሻድ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዴት ይሰድባት እንደነበር ታስታውሻለሽ? «ተመለሺ፣ አንቺ የሌባ ልጅ!» እያለ። የተመለሰችለት ይመስል። አልተመለሰችም፤ ግን እዚያው ነች፣ ወይ ልጇ ነች። ቀጠሮ አለን።

እዚህ የተከራየሁትን ቤት ባለቤት አነጋግሬዋለሁ፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ለቅቄ እወጣለሁ። ጡረታዬ ተፈቅዷል። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስደረድር ያቆመኝ ያ ውሃ ነው። የሌላ ሰው አምላክ ተራራ ላይ ይኖር ይሆናል፤ የእኔ ደስታ ከወፍጮ ቤቱ ሥር ነው ያለው። ከቤቴ ደጃፍ መቶ እርምጃ ወርጄ እዚያ መቆም ነው የምፈልገው። ሌላ ከዓለም የምጠይቀው የለም።

ግን አንቺ ምን ነካሽ? ወፍጮ ቤቱ አለ ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ስለ ወፍጮ ቤቱ ነው እንዴ የጠየቅኩት? ውሃው እንዴት ነው?

አንድ ነገር ረሳሁ፤ እጀታውን ረዥም አድርጊው። ኋላው ብብቴ ሥር እስኪገባ።

ካልሲ ገዝቻለሁ።

ቻሚል


ያሶቭካ፣ ኖቬምበር 14

ወንድሜ ቻሚል፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የጎመኑን በርሜል የምሞላበት ሳምንት ነበር፤ ከዚያ እማማ ሳል ያዛቸው፤ አሁን ተሽሏቸዋል። ካልሲው ደርሷል። አንዱን እግር አድርገው ሌላውን ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሳራየቮ ያለው ነጋዴ ሁለት ጥሬ ዘንግ ልኮልኛል፤ ሞክሬ የማልፈልገውን እመልስለታለሁ። አንዱ ያልከው ነው፦ ሁለት ሜትር ከሰባ፣ ጥቁር፣ ድርቅ ያለ። ሌላው ከእሱ ትንሽ የላላ። ሦስተኛው እዚሁ ጣሪያው ወጋግራ ላይ የነበረው የሬሻድ ነው። ከመስታወት ክር የተሠራ፣ ቀለሙ ማር የመሰለ፣ ከሁለት ሜትር ብዙም የማይበልጥ። ለማን እንዳስቀመጠው ሳይነግረኝ ነው የሞተው።

የሥራ ክፍሉን ግድግዳ መቼም አትረሳውም። ሬሻድ ጥሬውን ዘንግ ግድግዳው ላይ አግድም ያስርና ጫፉ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ያንጠለጥል ነበር፤ ከዚያ የታጠፈበትን ቅርጽ በእርሳስ ተከትሎ ግድግዳው ላይ ይስላል፤ ከሥሩም የሰውየውን ስም ይጽፋል። እኔ ሥራውን የተማርኩት ከእነዚያ መስመሮችና እሱ ከጣላቸው ስብርባሪዎች ነው፤ ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያንተ መስመር እስከ ዛሬ አለ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጫፉ ላይ ብቻ ያጎነብሳል። ጥቁሩን ዘንግ ሳስረው ልክ በዚያ መስመር ላይ ተኛ። የሃያ ዓመት በፊቱን አንተን መረጥክ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ። ይህ ክንድ ያንተ አይደለም።

ለሬሻድ ቀብር የለበስከውን ኮት እጅጌ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የክንድህን ርዝመት አውቀዋለሁ። ዙልፎ ባለፈው ቅዳሜ ሲመጣ ጠራሁት።

«ወዲህ በል፣ ክንድህን ዘርጋ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዘርጋ ብዬሃለሁ።»

ክሩን ለካሁበት። ልክክ አለ።

«ወይ ጉድ» አለ፣ «ተያዝን!»

«የቻሚል ክንድ የት ሄዶ ነው አንተ ስኳር የምታነሳው?»

«ዴቭለታ፣ እኔ ሻንጣ ነው የማመላልሰው። የሰው ምስጢር የሚጫንበት ቦታ አውቶቡሴ ውስጥ የለም። ከሁለታችሁም ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶኛል!» ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ። ተሳፋሪ ሳይወርድለት ነው የሄደው፤ እዚህ መውረድ የነበረባት የቢስትሬ መንደሯ መምህርት በእግሯ ተመልሳ መጣች።

እጀታው ብብት ሥር ይግባ ያልከው ያኔ ገባኝ። ዘንግ ብብቱ ሥር የሚከት ሰው ክንዱ የማይሸከምለት ሰው ነው። ዘንጉን በውሸት ክንድ ልክ ከሠራሁት መጀመሪያ የሚሰበረው ዘንጉ አይሆንም።

እጅህ ምን ሆነ?

ዴቭለታ


ሊንዝ፣ ኖቬምበር 28

ዴቭለታ፣

ልብስ ሰፊ ከምትሆኚ መርማሪ ብትሆኚ ይሻል ነበር። ዙልፎንም አነጋግሬዋለሁ፤ ሁለት ሜትር ሰው፣ ምላሱ ግን የሕፃን ነው።

እሺ። ማርች ላይ ከመደርደሪያ ሣጥን ሳወርድ ትከሻዬ ተቀደደ። ሐኪሞቹ ሰፉት፤ አልያዘም፤ እንደገና ሰፉት። ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አይወጣም። ሸሚዝ የምለብሰው ወለል ላይ ዘርግቼ እንደ ሕፃን ገብቼበት ነው። ሾርባ በግራ ነው የምጠጣው። ጡረታው የተፈቀደልኝም ለዚህ ነው፤ ዕድሜዬ ገና ነበር።

ለምን ደበቅከኝ ካልሽኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። አንቺ አንድ ሰው እያጠብሽ፣ እያለበስሽ፣ እያጎረስሽ ነው ያለሽው። የምትጠብቂው ወገቡ የጠና ሰው ነው፤ እንጨት የሚፈልጥ፣ እናቴን የሚያነሳ። «ሁለተኛ የሚታጠብ መጣልኝ» እንድትዪ አልፈለግኩም። ለእናቴም አትንገሪያት።

ድርቁን ዘንግ የፈለግኩት ደግሞ እንዲሁ ነው። እሱን ስይዝ ክንዴ የድሮው የሚሆን መሰለኝ። በመጋዘን የኖረ ሰው ብዙ ነገር ይመስለዋል።

ዳሩ ግን ውሃው አለ። ዓሣ ባላወጣ እንኳ ዳር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ያ ካለኝ ትከሻው ይቅርብኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ዙልፎ «ከሁለታችሁም» ነው ያለሽ? እዚያው ደብዳቤሽ ላይ እንዲያ ብለሽ ነው የጻፍሽው። የእኔ ይኸው፣ ነገርኩሽ። ያንቺ ምንድን ነው?

ቻሚል


ያሶቭካ፣ ዲሴምበር 8

ወንድሜ ቻሚል፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ወንዙ የለም።

ጠፋ ማለቴ አይደለም። ከላይ፣ ከድንጋይ ድልድዩ አለፍ ብሎ፣ በግንብ ያዙትና ጥቁር ቧንቧ ውስጥ አስገቡት። ቧንቧው በመንደራችን አጠገብ፣ በወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በአንተም ቤት አጠገብ ተቀብሮ ያልፍና ታች ኤሌክትሪክ ማመንጫው ጋ ይወጣል። በመካከሉ ያለው ድንጋይ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ሥር ያለው ጥልቅ ውሃ አሁን ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ባለፈው የመንደሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት አየሁ። ምላዲጻ በድንጋይ ላይ አትኖርም። ቀጠሮህ የለም፣ ቻሚል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ያኔ ያልነገርንህ የምናሸንፍ መስሎን ነበር። ሲመለስ እንነግረዋለን፣ በሳቅ እንነግረዋለን ተባባልን። ቆፋሪዎቹን ለማገድ ድልድዩ ላይ የተቀመጡትን ወንዶች ፖሊስ ሲያነሳቸው እኛ ሴቶቹ ተቀመጥን። ሴት አይነኩም ተብሎ። በጋውንም ክረምቱንም በተራ ተቀመጥን፤ እኔ እማማን ብቻዬን አንስቼ፣ አጥቤ፣ አስተኝቼ ነበር የምሄደው። ብርድ ልብስ ለብሰን፣ ሹራብ እየሠራን፣ ቆፋሪው መኪና ፊት። ሹፌሩ የሰው ልጅ ነው፤ ሻይ እንሰጠው ነበር። በመጨረሻ አንድ ወረቀት መጣ፣ ከወረቀቱም ጋር ብዙ ሰዎች። እኛም ደክሞን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲያነሱኝ ለአንድ አፍታ እፎይ ብያለሁ።

ውሃውን የዘጉት ኦገስት ላይ ነው። ድምፁ ሲቆም ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው «ወንዙ ምን ሆነ?» አሉኝ። «በረዶ ይዞት ነው» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሳቸውም «አይ፣ እንግዲህ» ብለው ዝም አሉ።

አንተን ለምን ደበቅኩህ? «ውሃውን ለእኔ ተወው» ብዬ የጻፍኩት አስቤበት ነው። እንድትመጣ ፈልጌ ነው። ወንዙ ከሌለ አትመጣም ብዬ አሰብኩ። መጥተህ ብታየው እንኳ፣ የሊንዙን ቤትህን ለቅቀህ ስለምትመጣ መመለሻ የለህም፤ እየተናደድክም ቢሆን ትኖራለህ አልኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ክፋት ነው፤ ግን ክፋት አይመስለኝም ነበር፣ ድካም ነበር የሚመስለኝ።

ስለዚህ ቤቱን አትልቀቅ። ጊዜ አለህ። ለባለቤቱ ሐሳቤን ለውጫለሁ በለው። ትከሻህን የሰፋው ሐኪምም እዚያው ነው ያለው።

ዘንጉን በተመለከተ፣ አየህ፣ ሬሻድ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነበር። አንተ በእጁ ዋሸኸኝ፣ እኔ በውሃው ዋሸሁህ። ጥቁሩን ዘንግ ብሠራው ኖሮ በሌለ ክንድ የሚያዝ፣ በሌለ ወንዝ የሚጣል ዘንግ ነበር የሚሆነው። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንዱንም አልነካሁም።

ዴቭለታ


ሊንዝ፣ ጃንዋሪ 7

ዴቭለታ፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። መጀመሪያ በአንቺ፣ ከዚያ በዙልፎ። «አንተ በሳምንት አንዴ በዚያ ድልድይ እያለፍክ!» ብለው «እኔ ዓይኔን መንገድ ላይ አድርጌ ነው የምነዳው» አለኝ። ምን ትይዋለሽ? ከዚያ በኋላ የምናደድበት ሰው አጣሁ።

የቤቱን ባለቤት አነጋገርኩት። ደህና ሰው ነው። «ለሌላ ሰው ገና አልሰጠሁትም፤ መቅረት ከፈለግህ ቅር» አለኝ። ስለዚህ መመለሻ የለውም ብለሽ እንዳታስቢ። አለኝ። የዚህኛው ቤት ቁልፍ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ያን ቀን ማታ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። ስለ ወንዙ አንድ ገጽ ጽፈሻል። እናቴን ብቻሽን ስለማንሳትሽ ግማሽ መስመር። ያቺን ግማሽ መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከወንዙ ይልቅ እሷ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ሠላሳ ዓመት የዚያን ውሃ ድምፅ ስሰማ ከውሃው ጎን የሰው ድምፅ እንዳለ አልሰማሁም።

እመጣለሁ። ወንዙን ብዬ አይደለም፤ ወንዙን ስላላየሁት ገና አላለቀስኩለትም፤ እዚያ መጥቼ አለቅስለታለሁ። አንድ ደህና ክንድ አለኝ። አንቺ ሁለት የደከሙ አሉሽ። እናቴ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለችም። ትራሷን እንኳ እኔ ላዙርላት።

እንዳታጥቢኝ፣ እንዳታለብሺኝ። ሸሚዝ በወለል ላይ መልበስ ተምሬያለሁ ብዬሻለሁ።

የትኛውን ዘንግ ትመርጫለሽ? ወይስ ከእንግዲህ አያስፈልግም?

ቻሚል


ያሶቭካ፣ ጃንዋሪ 20

ወንድሜ ቻሚል፣

በስልክ ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ የመቦርቦሪያ ማሽንህን አምጣው። አይ፣ ማቀዝቀዣውን አታምጣ፤ ዙልፎ በመሐላ ነው የማልጭነው ያለው። ምድጃህን ትናንት አንድጄ አየሁት፤ መጀመሪያ ጨሰ፣ ከዚያ እሺ አለ።

ዘንጉን መረጥኩ። ጥቁሩንና ሌላውን ለነጋዴው መለስኩለት። የያዝኩት የሬሻድን የመስታወት ዘንግ ነው። ድርቅ ያለ ዘንግ እንዲታጠፍ ክንድ ይፈልጋል፤ ይሄኛው መንጠቆው ላይ ባለው ትንሽ ክብደት ብቻ እስከ እጀታው ድረስ ይታጠፍና ራሱ ይወረውራል። አንተ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ለግራ እጅ ነው የምገጥመው። ቀኝ እጅህ ሆድህ ላይ ሆኖ ክር ይጠቅልል፤ ለዚያ ትከሻ አያስፈልገውም። እጀታውን አሳጠርኩት። ብብትህ ሥር አይገባም፤ ብብትህ ለራስህ ይሁን።

ዘንግ ሁሉ መታጠፍ የሚወድበት ጎን አለው። ጫፉን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ መሀሉን በመዳፌ ጫን አድርጌ ሳንከባልለው ዘለለና ወደዚያ ጎን ዞረ። ቀለበቶቹን በዚያ ጎን ነው የማስረው፤ ያለበለዚያ ዓሣ ሲስበው እጅህ ውስጥ ይጠማዘዝብሃል። ስኳሩን አንጠልጥዬ መስመሩንም ሣልኩ፤ ከድሮው መስመርህ ሥር። የድሮውን አላጠፋሁትም። ሁለቱም የአንተ ናቸው።

ምላዲጻ አይችልም፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ከግንቡ ጀርባ የተኛ ውሃ አለ። ወንዝም ሐይቅም አይደለም። ትንንሽ ነጭ ዓሦች ገብተውበታል። ዳሩ ላይ ቁጭ ማለት ይቻላል። ያለው ውሃ ይሄ ነው።

ትመጣለህ ብዬ ለእማማ ነገርኳቸው። አልተደሰቱም፣ ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ወንዙን ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ወይ አንቺ! ደካማ ነኝ እንጂ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? ኦገስት ላይ፣ ሸሚዝሽ በላብ ርሶ፣ በረዶ ይዞት ነው ትዪኛለሽ!»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ክረምቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ተሸክመሽ ስትመላለሺ አይቼሻለሁ። አንቺን የማጽናናበት አቅም አልነበረኝም። ስለዚህ አመንኩሽ።»

ከዚያ ከትራሳቸው ሥር ሁለተኛውን ካልሲ አወጡና «አሁን አድርጊልኝ» አሉኝ።

ትከሻህን አልነገርኳቸውም። አንተ ንገራቸው፤ ሳያውቁት የቀሩ ግን አይመስለኝም።

ዙልፎ የሚያወርድህ ታች መታጠፊያው ላይ ነው። ድሮ እዚያ ስትወርድ መጀመሪያ የሚቀበልህ የወንዙ ድምፅ ነበር። አሁን አይሰማህም። ቆመህ አትጠብቀው። ሻንጣህን ዙልፎ ይያዝልህና ወደ ላይ ና።

ዴቭለታ